ክሎዛፒን ለወንድሜ፦ ገና ነው ወይስ ዘግይተናል?

የቤቱ_ትልቅ | መስከረም 20

ሰላም ለሁላችሁ። ሊረዝም ነው፣ ታገሱኝ።

ታናሽ ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው የጀመረው። መጀመሪያ የዶርም ልጆች በኔ ይስቃሉ አለ። ቀጥሎ ስልኬን ይሰሙታል ብሎ ሰባብሮ ሽንት ቤት ከተተው። ከዚያ አንድ ቀን ሻንጣ ሳይዝ ቤት መጣ፣ በቃ አልተመለሰም። ስኪዞፍሬኒያ ነው ተባልን። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነን።

ያልሞከርነው መድኃኒት የለም። ሃሎፔሪዶል ተሰጠው፣ አንገቱ ተጣሞ ምላሱ ወጥቶ በሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይዘነው ሮጥን፣ በሁለት ሳምንቱ ተወው። ከዚያ ሪስፔሪዶን፣ እሱ ላይ አንድ ዓመት ቆየ። ከዚያ ሞዴኬት መርፌ፣ ዓመት ከሦስት ወር። አሁን ኦላንዛፒን 10 ሚሊግራም ላይ ነው፣ ስምንት ወሩ። መሀል ላይ ሸንኮራ ዮሐንስ ሁለት ጊዜ ሄደናል። ይተኛል፣ ቁጣውም ቀንሷል። ድምፁ ግን አልለቀቀውም። ምሳ እየበላን ጣቱን ቀስሮ «ቆይ!» ይላል። ለኛ አይደለም። ሁላችንም እስኪጨርስ እንጠብቃለን፣ ከዚያ መብላት እንቀጥላለን። ለምደነዋል እኮ። የሚያሳፍረኝም መልመዳችን ነው።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ሐኪም አገኘን። ካርዱን አገላብጣ አየችና «ክሎዛፒን የሚባል አለ፣ እስካሁን መጀመር ነበረበት፣ ቤተሰብ ተነጋገሩና ኑ» አለችን። በየሳምንቱ ደም ይመረመራል አለች። እማዬ ይህን ስትሰማ አበደች። «ደሙን በየሳምንቱ ቀድተው ልጄን ሊጨርሱት ነው፣ ቢያንስ አንዴ እንደገና ጸበል ይሞክርና» ትላለች። ዳላስ ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ አጎታችን ደግሞ ደወለና «እሱ የመጨረሻ ነው፣ አሁን ከጀመራችሁት ኋላ ምን ይቀራችኋል? ሌሎቹን ጨርሱ» አለን። ሌሎቹ እነማን እንደሆኑ አልነገረንም።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። መቼ ነው የሚጀመረው? ቸኩለን ነው ወይስ ዘግይተን?

---

ነጭ_ጋውን | መስከረም 20

እህቴ፣ ሳይካትሪ ነርስ ነኝ። ክፍለ ሀገር ሆስፒታል፣ 11 ዓመት። ውሳኔው የሐኪሟ ነው፣ እኔ የማውቀውን ልንገርሽ።

አጎትሽ «የመጨረሻ» ያለው ልክ አይደለም። ሦስተኛ ነው። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች፣ እያንዳንዳቸው በበቂ መጠን፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ ስድስት ሳምንት፣ በትክክል ተውጠው። ሁለቱም ካልያዙት ሦስተኛው ክሎዛፒን ነው። አራተኛም ሰባተኛም አይደለም። ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ እዚህ ውስጥ ይወድቃሉ፣ ወንድምሽ ብቻውን አይደለም።

ለምን ሦስተኛ? ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ገና በጀመራቸው ታማሚዎች ላይ የተሠራና በ2011 የታተመ ጥናት አለ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራልሽ)። በመጀመሪያው መድኃኒት 75 በመቶው ተሻላቸው። ያልተሻላቸው ወደ ሁለተኛ ሲቀየሩ 17 በመቶ ገደማ ብቻ። ከዚያ ክሎዛፒን ከጀመሩት ውስጥ እንደገና 75 በመቶ። ሁለተኛው ላይ ያለውን ገደል አየሽው? «ሌሎቹን ጨርሱ» ማለት እዚያ ገደል ውስጥ እየተንከባለላችሁ ክረምትና በጋ ቁጠሩ ማለት ነው። ለንደን ውስጥ ደግሞ ታማሚዎቹ መጀመር ከነበረባቸው ቀን ወደ አራት ዓመት ዘግይተው እንደጀመሩ በ2012 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ለንደን ነው ያልኩሽ! የኛን አስቢው።

አሁን ግን ልቆጣሽ ነው። የጻፍሽውን ደመርኩት። ሁለት ሳምንት፣ አንድ ዓመት፣ ዓመት ከሦስት ወር፣ ስምንት ወር። ሦስት ዓመት አይሞላም። ታመመ ያልሽው ስድስት ዓመት ነው። ሌላው ሦስት ዓመት የት ሄደ?

ደብተር አውጪ። ለእያንዳንዱ መድኃኒት ስም፣ መጠን፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ሲውጥ ማን አየው ብለሽ ጻፊ። የመጨረሻዋን አትዝለያት። ጫት ይቅማል? እሱንም ጻፊ፣ በላዩ ላይ ጫት እየተቃመ መድኃኒቱን አልሠራም ማለት አይቻልም።

---

የሜሪላንዷ_እናት | መስከረም 21

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይርዳሽ። የኔ ልጅ ሲታመም 19 ዓመቱ ነበር። ክሎዛፒን ሲጀምር 24። አምስት ዓመት። ሰባት ዓይነት መድኃኒት አስውጠውታል፣ አንዳንዴ ሁለቱን አንዳንዴ ሦስቱን ባንድ ላይ። ሆስፒታል በገባ ቁጥር አንድ ይጨመራል፣ ሲወጣ የሚቀነስ የለም። አንድ ቀን አንዲት ወጣት ሐኪም ፋይሉን ይዛ መጥታ «ይህ ልጅ ክሎዛፒን ለምን አልጀመረም?» አለች። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት እርስ በርስ ተያዩ። ከልክሎት የነበረ ሰው የለም። የጠየቀም የለም። አምስት ዓመት እንዲሁ ሄደ።

ተአምር ሆነ አልልሽም። ወፈረብኝ። ማታ ማታ ምራቁ ይዝረከረካል። ሙሉ ቀን ሥራ አይችልም። ግን በሦስተኛው ወር ገደማ ኩሽና መጥቶ «እማ፣ ሽንኩርት ልክተፍልሽ?» አለኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ያልጠየቀኝን። ሽንኩርቱን ሰበብ አድርጌ አለቀስኩ።

ስለ ደሙ ለእናትሽ ንገሪያት። የሚቀዳው ከሻይ ማንኪያ አይበልጥም። እዚህ አሜሪካ የመጀመሪያውን ስድስት ወር በየሳምንቱ ነው፣ እስከ ዓመት በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ በወር አንዴ። በፊት የደሙ ውጤት መዝገብ ውስጥ ካልገባ ፋርማሲው ኪኒኑን አይሰጥሽም ነበር። አንድ ዓርብ ማታ ውጤቱ አልደረሰንም ብለው መልሰውኝ ቅዳሜና እሑድን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ያን ግዴታ በፌብሩዋሪ 2025 አነሳው። ሐኪሙ ግን ምርመራውን አሁንም አልተወም፣ እኔም አይተው እላለሁ።

ሲጋራ ያጨሳል? ልጄ ሆስፒታል ተኝቶ ሲጋራ ሲከለከል መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ተከማችቶበት ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውል ነበር። የሲጋራ ጭስ መድኃኒቱን ቶሎ ያስወጣዋል፣ ሲቆም ይጠራቀማል። ስለዚህ ሲያቆምም ሲጀምርም ለሐኪሟ ንገሩ።

---

ተጠራጣሪው_77 | መስከረም 21

ሁላችሁም አሞገሳችሁት። ይህ መድኃኒት ሰው ገድሎ ከገበያ ወጥቶ የነበረ መሆኑን ለምን አትነግሯትም? ፊንላንድን ፈልጊ። ነጭ የደም ሴል ያጠፋል። የአጎትሽ ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም። አውሮፓ ላቦራቶሪ በየሰፈሩ ነው፣ እኛ ጋ መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል። እሱን አስባችሁ ነው የምትመክሩት?

---

ነጭ_ጋውን | መስከረም 21

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ቁጣ ግን አያስፈልገውም።

አዎ። በ1975 ፊንላንድ ውስጥ ክሎዛፒን የጀመሩ ሰዎች ነጭ የደም ሴላቸው ወርዶ፣ ኢንፌክሽን ገብቶባቸው፣ ሞቱ። ያኔ በየሳምንቱ ደም ማየት የሚባል ነገር አልነበረም። በብዙ አገር ተነሳ። የመለሰው በ1988 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ነው። 268 ሰዎች፣ ሁሉም ሌላ መድኃኒት ያልያዛቸው። ገሚሱ ክሎዛፒን፣ ገሚሱ ክሎርፕሮማዚን የሚባለውን የቆየ መድኃኒት ለስድስት ሳምንት ወሰዱ። በክሎዛፒን 30 በመቶ፣ በክሎርፕሮማዚን 4 በመቶ ተሻላቸው። በ1989 ኤፍዲኤ ፈቀደው፣ ደም እየታየ በሚል ሁኔታ። ያ አደገኛ የሴል መጥፋት የሚደርሰው ከመቶ ከአንድ ሰው ባነሰ ነው፣ አብዛኛውም በመጀመሪያዎቹ ወራት። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ የሚታየው።

ሌላኛውን ሞትስ ማን ይቁጠረው? እዚህ ሕመም ላይ ራስን ማጥፋት አለ። ኤፍዲኤ ክሎዛፒንን በ2002 ለዚሁ አደጋ መቀነሻነትም ፈቅዶታል። በኛ ዋርድ ሳይጀምሩ ያመለጡን አሉ። ስለነሱ ሪፖርት የሚጽፍ የለም፣ «ክሎዛፒን ባለመጀመሩ» የሚባል ሳጥን ፎርሙ ላይ የለማ።

ስለ ላቦራቶሪው ግን ተቀብያለሁ። ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ፦ ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) በየሳምንቱ የሚሠራላችሁ ቦታ፣ እና መድኃኒቱን በየወሩ የምታገኙበት። ሁለቱ ከሌሉ አትጀምሩ፣ መጀመሪያ እነሱን ፈልጉ።

---

የቤቱ_ትልቅ | መስከረም 22

ሰዎች፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ክረምቱ ወጣ ብለን ወፍራም ልብሶች ልናጥብ ነበር። የወንድሜን የክረምት ጃኬት ሳነሳው ከበደኝ። ገበሩ በአንድ በኩል ተተርትሯል። ውስጡ ኪኒን ነው። ጠረጴዛ ላይ አፍስሼ ቆጠርኩት። 71 ፍሬ። አብዛኛው ሪስፔሪዶን፣ 19ኙ ኦላንዛፒን። አንዳንዱ ረጥቦ የደረቀ ነው፣ ማለትም አፉ ውስጥ ገብቶ ወጥቷል። እማዬ ቆማ እያየችው እኮ ነበር የሚውጠው! ውሃ ሁሉ ይጠጣ ነበር!

ደብተሩንም ሞላሁት። የጠፋው ሦስት ዓመት እንዲህ ነው የሄደው። ሃሎፔሪዶሉ አንገቱን ካጣመመው በኋላ ፈርተን ሰባት ወር ምንም አልሰጠነውም። ሪስፔሪዶን አልቆበት ሌላ ቀጠሮ እስክናገኝ አምስት ወር። ጸበል ስንሄድ መድኃኒት ከናንተ ጋር አይግባ የሚል ሰው አጋጥሞን አንዴ አራት፣ አንዴ ስድስት ወር። የቀረው አንድ ዓመት ከምናምን ምን እንደሆነ አላስታውስም። እማዬም አታስታውስም። አንድ ዓመት ሙሉ እንዴት አይታወስም?

ጫት አልፎ አልፎ፣ ዓርብ ዓርብ ከጓደኛው ጋር። ሲጋራ አዎ፣ ግማሽ ፓኮ።

እና አሁን ምን ማለት ነው? መድኃኒት አልያዘውም ስንል የኖርነው ውሸት ነበር?

---

ነጭ_ጋውን | መስከረም 22

ቁጭ በይ፣ ውሃ ጠጪ። በመጀመሪያ እሱ ላይ አትጩሁ። ይህን ያደረገው ተንኮለኛ ስለሆነ አይደለም። መጀመሪያ የሰጡት መድኃኒት አንገቱን ጠምዝዞታል፣ አንቺ ብትሆኚ ቀጣዩን በደስታ ትውጪው ነበር? «ምን አስጠላህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ለሐኪሟ ከ71ዱ ኪኒን በላይ ይጠቅማታል።

አሁን እንቁጠር። ሃሎፔሪዶል ሁለት ሳምንት፣ አይቆጠርም። ሪስፔሪዶን ጃኬት ውስጥ ነው፣ አይቆጠርም። ሞዴኬት መርፌ ነው፣ ጃኬት ውስጥ አይገባም፤ መጠኑና ቀኑ ካርዱ ላይ በትክክል ካለ እሱ ይቆጠራል። ኦላንዛፒን 10 ሚሊግራም ዝቅተኛው ጫፍ ላይ ያለ መጠን ነው፣ በዚያ ላይ ስንቱን እንደዋጠ አይታወቅም። ስለዚህ አራት ያልሽው አንድ ሆነ።

ይህ ማለት ሐኪሟ ተሳስታለች ማለት አይደለም። እሷ ካርዱን ነው ያየችው፣ ጃኬቱን አላየችም። ኪኒኑን በላስቲክ ቋጥረሽ ውሰጂላት፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ። ሁለተኛውን ሙከራ በደንብ እንዲሠራ ልትል ትችላለች፣ ወይ በቃ እንጀምር ልትል ትችላለች። ሁለቱም ምክንያት አለው። የማይሆነው እንደገና ዝም ብሎ ዓመት መጨመር ነው። ለማንኛውም ሲቢሲ፣ ስኳር፣ ክብደትና ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ከወዲሁ አሠሩ። የስድስት ሳምንት ሙከራ ከሆነም በስድስተኛው ሳምንት ማግስት «አሁን ደም አሠርታችሁ ኑ» ተብላችሁ ሌላ ወር እንዳይሄድ።

ስለ ጸበሉ አንድ ነገር። በኤችአይቪ ጊዜ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው መወሰድ ይችላሉ፣ አይጋጩም ብለው በይፋ ተናግረው ነበር። እናትሽ ታስታውስ ይሆናል። ጠዋት ጸበሉን ይጠመቅ፣ ማታ ኪኒኑን ይዋጥ። እኛ ጋ ከጸበል ቦታ በየወሩ እየመጡ መርፌያቸውን ተወግተው የሚመለሱ አሉ።

---

ስምንት_ዓመት | መስከረም 23

ስለ ወንድሜ ስለ ልጄ ብቻ ስታወሩ አየሁና ልግባ። እኔ ራሴ ነኝ ታማሚው። ክሎዛፒን ስወስድ ስምንት ዓመቴ። ከዚያ በፊት አራት ዓመት የሞከሩብኝን አላወራም።

ድምፁ ጠፍቷል ወይ ለሚል፣ አልጠፋም። እንዴት ልንገራችሁ፣ ሜክሲኮ አደባባይ ሰፊ መንገድ ማዶ ሆኖ እንደሚጣራ የታክሲ ረዳት ሆኗል። ይጮኻል፣ ትሰማዋለህ፣ አንተ ግን ወደዚያ አትሄድም፣ ስለዚህ መንገድህን ትቀጥላለህ። በፊት ጆሮዬ ስር ቆሞ እጄን ይጎትተኝ ነበር።

የማይነግሯችሁን ልንገራችሁ። ትራስ ላይ ፎጣ አንጥፉለት፣ ምራቁ ሌሊት ያጥለቀልቀዋል፣ ያሳፍራል። የመጀመሪያዎቹን ወራት በጠዋት ቀስቅሳችሁ «ሰነፍ» አትበሉት። ከ58 ኪሎ 81 ገባሁ፣ አሁን ሜትፎርሚን የሚባል የስኳር መድኃኒት እየወሰድኩ 74 ነኝ። ከሁሉ የከፋው ሆድ ድርቀት ነው። ቀልድ መስሏችሁ እንዳትስቁ፣ አንጀት ይቆማል፣ ሰው ይሞታል። እኔ በየጠዋቱ ተልባ እጠጣለሁ፣ ሐኪሙ ያዘዘልኝም የሚያለሰልስ መድኃኒት አለ። ሦስት ቀን ካልወጣሁ እደውላለሁ።

ጉሮሮው ከቆሰለ ወይ ትኩሳት ከመጣ ብርድ ነው ብላችሁ ዳማከሴ ጨምቃችሁ እንዳታስተኙት። በዚያው ቀን ደም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደረቱን ካመመው ወይ ልቡ ያለ ሥራ ከመታም እንደዚያው፣ ልብ ጡንቻ ላይ የሚመጣ ነገር አለ።

ሌላ፣ ከሁለት ቀን በላይ ካቋረጠ ካቆመበት መጠን አይቀጥልም። ከ12.5 ሚሊግራም እንደገና እንደ ሕፃን ይጀመራል። እኔ አንዴ መድኃኒት ቤት ጠፍቶ ሦስት ቀን ቀረብኝ፣ ወደ ነበርኩበት 350 ለመመለስ ሳምንታት ፈጀብኝ። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ የሁለት ሳምንት ትርፍ አለኝ፣ እህቴ ነች የምትቆልፍበት።

ደግሞ አንድ ነገር። ወንድምሽን ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? እማዬ እንዲህ አለች፣ አጎቴ እንዲህ አለ፣ ሐኪሟ እንዲህ አለች ብለሻል። እሱ ምን አለ?

---

የቤቱ_ትልቅ | መስከረም 24

@ስምንት_ዓመት ጥያቄህ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም። ዛሬ ጠየቅኩት። ጃኬቱንም አሳየሁት። ዝም አለና «ሪስፔሪዶን ወንድነቴን ወሰደብኝ፣ ለእማዬ እንዴት ልንገራት?» አለኝ። ስድስት ዓመት እኮ። አንድም ሰው አልጠየቀውም።

ስለ ክሎዛፒን ስነግረው «ድምፁን የሚያቆም ከሆነ ደም ይቅዱ» አለ። ይኸው ነው ያለው።

ሲቢሲ አሠራን። አዲስ ራስ ምታት መጣ። ኒውትሮፊል የሚባለው የነጭ ደም ሴል ዓይነት 1400 ነው። የላቦራቶሪው ልጅ «ነጭ ደሙ አንሷል» አለን። ገና ሳይጀምር አንሷል ማለት በቃ አይችልም ማለት ነው? እማዬ «ይኸው፣ እግዚአብሔር ራሱ አልፈቀደም» ብላለች።

---

ላብ_ሐይፋ | መስከረም 25

ሰላም። እዚህ እስራኤል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ይህቺን ቁጥር በኛ ሰው ላይ በየቀኑ ነው የማያት። አትደንግጡ።

ብዙ አፍሪካውያን፣ የኛም ሰዎች፣ የየመን አይሁዶች፣ አንዳንድ ዐረቦችም፣ ኒውትሮፊላቸው በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ነው። ጤነኛ ናቸው፣ ከሌላው ሰው በላይ ኢንፌክሽን አይዛቸውም። ሴሉ የለም ማለት አይደለም፣ በሚቀዳው ደም ውስጥ የሚገኘው አነስ ይላል እንጂ። በአብዛኛው ከዳፊ የደም ዓይነት ጋር የተያያዘ ነው። የዳፊ ምልክት ቀይ ሴላቸው ላይ የሌለ ሰዎች አንዱን የወባ ዓይነት ቫይቫክስን ይቋቋማሉ፣ ኒውትሮፊላቸው ደግሞ ዝቅ ይላል። ሁሉም ሐበሻ ላይ አለ አላልኩም። ግን ላቦራቶሪ ወረቀቱ ላይ ያለው «ኖርማል» ብዙ ጊዜ ከአውሮፓውያን ደም የተወሰደ ነው።

ክሎዛፒን ላይ ይህ ነገር ብዙ ሰው አስቀርቷል። ለመጀመር የሚጠየቀው 1500 ነው። በፈረንጆቹ 2015 ኤፍዲኤ ይህ የተፈጥሮ ዝቅታ ላላቸው የተለየ ገደብ አወጣ፣ ከ1000 ጀምሮ መጀመር ይቻላል። ስለዚህ 1400 በር አይዘጋም። ግን ተፈጥሮው መሆኑ መታወቅ አለበት። በሌላ ቀን ድገሙት፣ ቢቻል ከሰዓት በኋላ፣ ጠዋት ዝቅ ከሰዓት ከፍ የሚልበት ጊዜ አለ። ከዚህ በፊት ለታይፎይድም ለምንም ብሎ ያሠራው የድሮ ሲቢሲ ካለ ከመሳቢያ አውጡት። ከሁለት ዓመት በፊትም 1400 ከነበረ ሐኪሟ ሳትጠራጠር ትረዳዋለች።

---

ተጠራጣሪው_77 | መስከረም 25

ይህን አላውቅም ነበር። እሺ፣ አንድ ነጥብ ለናንተ። የመብራቱን ግን አልተውኩም።

---

የቤቱ_ትልቅ | ጥቅምት 3

ለጠየቃችሁኝ ሁሉ። መስከረም 27 ሐኪሟ ጋ ሄድን፣ ወንድሜ ራሱ ነው ያወራው። ኪኒኑን በላስቲክ ስሰጣት አልተቆጣችም፣ ቆጥራ ካርዱ ላይ ጻፈችው። ከመሳቢያ ሁለት የድሮ ሲቢሲ አግኝተናል፣ አንዱ 1300 አንዱ 1500። አይታ «ይህ የራሱ ነው» አለች። ላብ_ሐይፋ፣ ተባረክ።

ያለችው ይህን ነው። ሞዴኬቱ ይቆጠራል። ኦላንዛፒኑ ከፍ ብሎ በትክክል ይሞከር፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስድስት ሳምንት ብቻ። ካልሆነ ሌላ ሙከራ የለም፣ ቀጥታ ክሎዛፒን፣ በ12.5 ተጀምሮ። አጎቴ ደውሎ «ለምን አሁኑኑ አልጀመራችሁም?» አለኝ፣ እሱ ራሱ! ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም።

አፍ ውስጥ ሲገባ ቶሎ የሚሟሟ የኦላንዛፒን ዓይነት አለ ብላ ጽፋልን ነበር፣ ሦስት መድኃኒት ቤት ዞሬ አጣሁት። ስለዚህ ማታ ማታ ከእራት በኋላ እማዬ ፊት ይውጣል፣ ከዚያ አፉን ከፍቶ ያሳያታል፣ ከዚያ ሻይ አፍልታለት ግማሽ ሰዓት አብረው ይቀመጣሉ። ይህን ያመጣው እሱ ነው፣ «እንደ ሌባ አትፈትሹኝ፣ ሻይ ጠጡና እዩኝ» ብሎ። ስለ ወንድነቱ ለሐኪሟ ብቻውን ገብቶ ነግሯታል። ዓርብ ዓርብ ጫቱን ለጊዜው አቆመ፣ ሲጋራው እንዳለ ነው።

20 ሚሊግራም የገባው ጥቅምት 1 ነው። ስድስት ሳምንቱ ህዳር 13 ይሞላል፣ የህዳር ሚካኤል ማግስት። እማዬ «ሚካኤልን አንግሼ እመጣለሁ፣ በማግስቱ ደሙን ይቅዱት» ብላለች። ቀኑን ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ። ዛሬ ምሳ ላይ ሁለት ጊዜ «ቆይ» አለ። ደብተሩ ላይ ጻፍኩት።